ለመጽሐፉ ዙፋን፣ ለጸሐፊው ጉልበት

«አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ!» አሉኝ ጋሼ።

የቅርንጫፋችን በር ላይ ቆመን ነበር። ሒሳብ ዘግተን፣ ጥሬ ገንዘቡን ቆጥረን አስረክበን፣ እርሳቸው ከዘራቸውን፣ እኔ ቦርሳዬን ይዘን ልንለያይ ስንል ነው። ከሐይቁ ወገን የሚመጣው የምሽት ነፋስ የመንገዱን ዳር ዛፎች ያወዛውዛል። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ ሒሳብ በሌጀር ላይ በእጅ ይመዘገብ በነበረበት ዘመን ሥራ የጀመሩ፣ ቀልድ የማይጠፋቸው ሰው ናቸው። ቀና ብዬ ልስቅላቸው ፈለግሁ። አንገቴ እምቢ አለኝ። ፊታቸውን ለማየት መላ ሰውነቴን ማዞር ነበረብኝ።

ተረቱ የሚናገረው ትሕትናን እንደ ጭምብል ስለሚያጠልቅ ተንኮለኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ምሽት የደፋሁት አንገት ግን የትሕትናም የተንኮልም አልነበረም። የኮምፒዩተር ነበረ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ ግጥም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሁለት ቁራጭ እንጨቶች ነው። ታገሡኝ… ዞሬ ዞሬ ወደ ግጥሙ መመለሴ አይቀርም።

* * *

ቀኔ እንዲህ ነው። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መስኮቴ ላይ እቀመጣለሁ። የኮምፒዩተሩ ስክሪን ከጠረጴዛው ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ደንበኛው ደግሞ ከመስተዋቱ ማዶ ቆሟል። ስለዚህ አንገቴ ቀኑን ሙሉ ሁለት ሥራ አለበት፤ ወደ ቁጥሩ መደፋት፣ ወደ ሰውየው መቅናት። ከሰዓት በኋላ ግን መቅናቱ ይቀራል። «መታወቂያዎን»፣ «ደብተርዎን»፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» የምለው ጎንበስ እንዳልኩ ነው። ደንበኛው የሚያየው አናቴን እንጂ ፊቴን አይደለም።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ እራቴን በልቼ፣ ያረጀች ላፕቶፔን ከሶፋው ፊት ባለችው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሁለተኛውን ሥራዬን እጀምራለሁ፤ ግጥም። ቀን ለደመወዝ ያጎነበስኩት ሰውዬ ማታ ደግሞ ለፍቅር አጎነብሳለሁ ማለት ነው።

ሕመሙ በትከሻዬ ጀመረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቀኝ ክንዴ ወረደ። ከዚያም ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ መደንዘዝ ጀመሩ። ቸል አልኩት። የባንክ ሠራተኛ ሁሉ የሚለው ነገር ነው፤ «ድካም ነው፤ እሑድ ተኝቼ ይለቀኛል» እያልኩ ከረምኩ። ያነቃኝ ሐኪም አይደለም። የራሴ ደብተር ነው።

አንድ እሑድ የቆዩ ግጥሞቼን ከአዳዲሶቹ ጋር ሳስተያይ አንድ ነገር አየሁ። የድሮዎቹ አርባ፣ ሃምሳ ስንኝ ይሄዳሉ። የቅርብ ጊዜዎቹ ስድስት፣ ስምንት ስንኝ ላይ ይቆማሉ። ወዳጆቼ «ቁጥብ ሆነሃል፤ በስለሃል» ብለው አመስግነውኝ ነበር። እኔም ምስጋናውን አምኜ ተቀብዬ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስምንተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ክንዴ ይደነዝዛል፤ ላፕቶፑን እዘጋለሁ፤ ግጥሙ እዚያው ያልቃል። የግጥሜን ልክ የሚወስነው ሐሳቤ መሆኑ ቀርቶ አንገቴ ሆኗል።

ያን ጊዜ ፈራሁ።

* * *

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንገቴንና ትከሻዬን ነካክታ ካየች በኋላ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ማታስ?» ነገርኳት። «ታዲያ መቼ ነው ቀና የምትለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከእርሷ የሰማሁትንና በኋላ አንብቤ ያገኘሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ። የአዋቂ ሰው ራስ አምስት ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱን አከርካሪው በወጉ ይሸከመዋል። ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን እንዳይወድቅ የአንገት ጡንቻዎች እንደ ገመድ ተወጥረው ወደ ኋላ ሊጎትቱት ይገባል። ኬኔት ሃንስራጅ የተባሉ የኒውዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት የኮምፒዩተር ስሌት መሠረት፣ አንገት 15 ዲግሪ ሲያዘነብል የሚያርፍበት ጫና 12 ኪሎ ያህል ይሆናል። 60 ዲግሪ ሲደፋ 27 ኪሎ ይደርሳል። ይህ በሞዴል የተሰላ እንጂ በሰው አንገት ላይ የተመዘነ አይደለም፤ ነገሩን ለመረዳት ግን ይበቃል። ሩብ ኩንታል ጤፍ ከገበያ የሚሸከም ሰው ቤቱ ሲደርስ አውርዶ እፎይ ይላል። እኛ ግን ተሸክመነው እንውላለን፤ አንዳንዶቻችንም ተሸክመነው እናመሻለን።

አዲስ በሽታ አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ1713 አስፍቶ ሲያሳትመው ስለ ጸሐፊዎችና ስለ ሒሳብ መዝጋቢዎች አንድ ምዕራፍ ጨመረበት። የሕመማቸውን ምንጭ በሦስት ከፈለው፤ ዘወትር መቀመጥ፣ እጅን ሳያቋርጡ በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ማሠራት፣ ሦስተኛው ደግሞ መዝገቡን በስሕተት እንዳያበላሹ፣ ሲደምሩና ሲቀንሱም አሠሪያቸውን ኪሳራ ላይ እንዳይጥሉ ከመሥጋት የሚመጣ የአእምሮ ውጥረት። ይህን ሳነብ ደንግጬ ቀና አልኩ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ከመስኮቴ ኋላ ቆሞ ያየኝ መሰለኝ። ገንዘብ ጎድሎበት የሚያውቅ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሦስተኛውን ምክንያት ሳይተረጎምለት ይረዳዋል።

ዛሬ ይህ ጥናት «ኤርጎኖሚክስ» ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1857 የፈጠረው ያስትሸምቦቭስኪ የተባለ የፖላንድ ምሁር ነው፤ ሥራና ሕግ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ። እኔ እንደገባኝ የሕጉ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ሥራው ወደ ሰውየው ልክ ይምጣ እንጂ ሰውየው ወደ ሥራው ልክ አይጉበጥ።

* * *

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ።

ላፕቶፕ ከአፈጣጠሩ አንድ ጉድለት አለው። ስክሪኑና ኪቦርዱ በአንድ ማጠፊያ የተያያዙ ናቸው። ስክሪኑ ከዓይኔ ትክክል ይሁን ብትሉ እጃችሁ አየር ላይ ይንጠለጠላል። እጄ ይመቸው ብትሉ አንገታችሁ ይደፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስደሰት አይቻልም። መፍትሔው ማፋታት ነው፤ ስክሪኑን ከፍ አድርጎ ማቆም፣ ሌላ ኪቦርድና ማውስ ሰክቶ ከታች ማስቀመጥ። ክርን በዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ያርፋል፤ የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ከዓይን ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቆማል።

ማቆሚያው ተሠርቶ ይሸጣል። እኔ ግን ራሴ ልሥራው አልኩ። አንደኛ፣ ዋጋው ከኪሴ ጋር አልተስማማም። ሁለተኛ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ቤት፣ አንዳንዴ እህቴ ዘንድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ጥላ ሥር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዝቅተኛዋን ጠረጴዛ ትቼ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ተዛወርኩ። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና እህቴ በሜትር ለካችኝ። ከጠረጴዛው እስከ ዓይኔ 42 ሳንቲ ሜትር። ከጠረጴዛው እስከ ስክሪኑ የላይኛው ጫፍ 22 ሳንቲ ሜትር። የጎደለኝ 20 ነው፤ ጥቂት ዝቅ ቢል አይጎዳም ስለተባልኩ 18 ላይ ወሰንኩ። ይህ ቁጥር የእኔ ነው። የእናንተ ሌላ ይሆናልና ሳትለኩ አትቁረጡ።

ሠፈራችን ውስጥ አንድ አናጢ አለ። የቁም ሣጥን ጀርባ ሠርቶ የተረፈውን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ በነጻ ሰጠኝ፤ መጋዝና ሞረድም አዋሰኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት እኩል ቁራጮች ይቆረጣሉ። የእያንዳንዱ ቁመት ከፊት 8፣ ከኋላ 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የላይኛው ጠርዝ ተዳፋት ይሆናል። ከፊት በኩል ላፕቶፑ እንዳይንሸራተት 2 ሳንቲ ሜትር የምታህል ጥርስ ትቀራለች። መሐል ለመሐል፣ ቁመቱ 13 በሚሆንበት ቦታ፣ አንዱ ቁራጭ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ እስከ ግማሹ ይሰነጠቃል። ሁለቱ ስንጥቆች ሲጋጠሙ እንጨቶቹ መስቀለኛ ሆነው ይቆማሉ። ሚስማር የለም፤ ኮላ የለም። ሲፈቱ ሁለት ስስ ጣውላዎች ናቸው፤ ከላፕቶፑ ጎን ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ።

ቀላል ነው አልኩ እንጂ የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። ስንጥቁን በዓይኔ ገምቼ 15 ሚሊ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩት። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች ብዬ ነበር። ማቆሚያው እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤ ላፕቶፔም ተንሸራትታ ከጠረጴዛው ልትወድቅ ስትል እህቴ ቀለበቻት። ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ሳይጎድል ሒሳብ የምዘጋ ሰው እንጨት ላይ በግምት መሥራቴ አሳፈረኝ። ሁለተኛውን ስቆርጥ ከውፍረቱ ጥቂት አጥብቤ ቆርጬ፣ በሞረድ እየሞረድኩና እየሞከርኩ፣ እጅ ሲጫነው ብቻ የሚገባ አደረግሁት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ቫርኒሽ ቀባሁት።

አናጢው ገጣጥሞ ሲያየው «ፑልፒት ነው እንዴ? ለልጆች?» አለኝ። በቤተ ክርስቲያኑ የሚያገለግል ሰው ነውና ትንሿ ነገር የሰባኪውን ቆሞ ማንበቢያ መስላው ነው። ሳቅን። ቤት ሳመጣው ደግሞ ሊጠይቁን መጥተው የሰነበቱት እናቴ ላፕቶፑን ላዩ ላይ ተዘርግቶ አዩና «ይሄማ አትሮኖስ ነው! አትሮኖስ ሠርቼያለሁ አትልም እንዴ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አልሳቅኩም።

* * *

እውነትም አትሮኖስ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በቅዳሴ ጊዜ ሳየው የኖርኩት፣ ዲያቆኑ ፊቱ ቆሞ የሚያነብበት፣ ከባዱን መጽሐፍ ከፍ አድርጎና አዘንብሎ የሚይዘው የእንጨት ማቆሚያ። አንዳንዱ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ አንዳንዱ ተጣጣፊ ነው። ቃሉ ወደ ግእዝ የገባው ከግሪክ ነው፤ መሠረቱ «ትሮኖስ» ማለትም ዙፋን። አባቶቻችን መጽሐፍን ከመሬት ብቻ አላነሡትም፤ ዙፋን ላይ አስቀመጡት።

ይህን ካሰብኩ በኋላ የሀገሬን ዕቃ ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ለሰዓታት ቆሞ ለሚያድረው ካህን መቋሚያ ተሠርቶለታል፤ እየተደገፈው ይቆማል፤ እየተደገፈው ይዘምራል። የተሠራ ጠጉር እንዳይበላሽ አንገትን ከፍ አድርጎ የሚያስተኛ ብርኩማ ከእንጨት ተጠርቧል። ዳዊቱን ይዞ መንገድ ለሚሄድ ሰው በትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ማኅደር ተሰፍቷል፤ የዛሬው የላፕቶፕ ቦርሳ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ለሚቆም፣ ለሚተኛ፣ ለሚጓዝ፣ ለሚያነብ ሁሉ ታስቦለታል።

ለሚጽፈውስ?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ነበር። ብራና ጽፎ ያስነበበን ሰው አትሮኖስ አልነበረውም። መሬት ላይ ወይም ዝቅ ባለ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ያኖራል፤ የመቃ ብዕሩን ከቀለሙ እያጠቀሰ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወራት ይጽፋል። የሙያው ስም «ቁም ጽሕፈት» ነው፤ ባለሙያውም «ቁም ጸሐፊ» ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ። የቆመው ፊደሉ ነው። ጸሐፊው ጎብጧል። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መካከል እንደሚወድቅ ታውቋል። የብራናውን ዕድሜ ለክተናል። በብራናው ላይ የጎበጠውን አንገት ግን ለመለካት ያሰበ አልነበረም። ጸሐፊው ራሱም ቢሆን ስለ አንገቱ አላማረረም፤ ሥራውን ሲጨርስ በጸሎት አስቡኝ ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል።

አባቶቼን ለመውቀስ አይደለም። ለእነርሱ ጽሕፈት ጸሎት ነበረ፤ መጉበጡም ስግደት። እኔ ግን ለሴቪንግ አካውንት መስገድ አይጠበቅብኝም። ችግሩ ያ ልማድ ምክንያቱን ጥሎ ወደ ቢሮዎቻችን መግባቱ ነው። ዛሬም ለተጻፈው እንጂ ለሚጽፈው አናስብም። ለደንበኛው የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ለገንዘቡ የብረት ካዝና፣ ለኮምፒዩተሩ የአቧራ ልብስ አለው። ከኮምፒዩተሩ ሥር ልትገባ የምትችለዋን አሥር ሳንቲ ሜትር እንጨት ግን የግዢ ዝርዝር ላይ የጻፈ ሰው አላየሁም። ለመጽሐፉ ዙፋን፤ ለጸሐፊው የራሱ ጉልበት።

* * *

ለመሥሪያ ቤቱ ስክሪን ሌላ ሠራሁ፤ ከቀሪው ኮምፔርሳቶ፣ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት፣ በርጩማ የምትመስል። አንድ ሰኞ ማለዳ ወስጄ ከስክሪኑ ሥር አስገባኋት። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት ልጅ ያዘሉ እናት ነበሩ። ቁጥሩን አስገብቼ ዓይኔን ሳነሣ ፊታቸው ፊት ለፊቴ ነበረ። አንገቴን ማቅናት አላስፈለገኝም፤ ቀና ብሎ ነበርና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አለቃዬ መልካም ሰው ናቸው፤ ቢሆንም «ይቺን ነገር ለጊዜው አንሣት፤ የቅርንጫፉን ገጽታ ታበላሻለች» አሉኝ። አነሣኋት። ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ ዋለች። እኔም ሁለት ቀን እንደ ድሮው ደፍቼ ዋልኩ፤ በሁለተኛው ማታ ጣቶቼ ደነዘዙ። እንግዶቹ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን መለስኳት፤ ማንም ምንም አላለኝም።

የሆነው ሌላ ነገር ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሁለት ሪም ወረቀት ከስክሪኗ ሥር አስገባች። አንድ ሪም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ሁለቱ አሥር ይሆናሉ። ሌላዋም ተከተለች። በመጨረሻ ጋሼ ለራሳቸው ሁለት ሪም ጠየቁ። ተደርድሮላቸው፣ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዘገየህብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ቃል ነው።

* * *

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ሁለት ነገር ይሉኛል። አንደኛው «ቅምጥልነት ነው» የሚል ነው። እናቶቻችን እንስራ አዝለው ተራራ እየወጡ፣ ገበሬው በሞፈርና ቀንበር ጎብጦ እያረሰ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ አንገቱ ያማርራል? እውነት አላቸው፤ የእነርሱ ሸክም ከእኔ ይከብዳል። ነገር ግን የእናቴን እንስራ ያቀለለው የእኔ አንገት መታመም አይደለም፤ ቦኖ ውኃ ነው። አንዱ ሸክም ስለከበደ ሌላው ይቆይ ማለት ሁለቱንም አለማውረድ ነው።

ሁለተኛው «ሀገር ስንት ጉድ እያለባት» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። እኔ ግን ሀገር ብድር እንድትሰጥ፣ ደመወዝ እንድትጨምር አልጠየቅሁም። ሁለት ሪም ወረቀት ነው ያልኩት።

ደግሞም ነገሩ የባንክ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ከተማችን ሐዋሳ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው የበዛባት ከተማ ሆናለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጣቶች በስፌት መኪና ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን አልጋው ላይ ተንጋዶ ይጽፋል። ልብስ ሰፊው፣ ኮምፒዩተር ጸሐፊው፣ ስልክ ጠጋኙ… ሁሉም ደፊ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ሕጉን ስናነብ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሚቆርጥ ማሽንና የሚወድቅ ድንጋይ ነው። አንገትን ቀስ እያለ በሃያ ዓመት የሚሰብር ስክሪን ግን ድምፅ ስለሌለው አደጋ አይመስለንም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ቢሮዎች ኮምፒዩተር ሲገዙ ከፍታውንም አብረው ይግዙ። ላፕቶፕ የሚሰጡ ከሆነ ኪቦርድና ማውስ ይጨምሩበት። ማቆሚያውን ከባሕር ማዶ ማምጣት አያስፈልግም፤ የሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት ይሠሩታል። ደግሞ እንጨት ብቻ አይደለም፤ የሲዳማ ደጋ ቀርከሃ የሚያበቅል፣ ቤቱንም በቀርከሃ ሸምኖ የሚሠራ ሀገር ነው። ቤት የሚያቆም ቀርከሃ አንድ ስክሪን ማቆም አያቅተውም።

ከሁሉ በፊት ግን እኛው ራሳችን ማፈራችንን እንተው። አለቃዬ አንሣት ሲሉኝ ያነሣሁት ስለታዘዝኩ ብቻ አይደለም፤ ውስጤም ትንሽ አፍሮ ነበር። ከቤት የመጣች፣ ጠርዟ በእጅ የተሞረደች ቁራጭ እንጨት በዘመናዊ ዕቃ መካከል ማስቀመጥ ድህነትን ማሳየት መሰለኝ። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ። ሕመሜን እንጨቱ ብቻ ፈወሰው አልልም። ባለሙያዋ የሰጠችኝን የአንገት እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሠርቻለሁ። በየሃያ ደቂቃው ለሃያ ሰከንድ ዓይኔን ከስክሪኑ አንሥቼ ስድስት ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ነገር አያለሁ፤ በእኛ ከተማ መስኮት የተከፈተለት ሰው ታቦር ተራራን ያያል፤ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። በየሰዓቱ እነሣለሁ። የሚደነዝዝ እጅ ያላችሁ ደግሞ ከአናጢው በፊት ሐኪሙን እዩ። ማቆሚያው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያገገመውን አንገት መልሶ እንዳይደፋ ይጠብቀዋል።

* * *

ቋንቋችን ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ይመስለኛል። መልካሙን ሰው «ቀና ሰው» እንለዋለን። መንገደኛን «መንገዱን ቀና ያድርግልህ» ብለን እንሸኛለን። ሥራ ለሚጀምር «ይቅናህ» እንላለን። የተከዘን ሰው የምናጽናናው «ቀና በል» ብለን ነው። ደግነትም፣ ስኬትም፣ መጽናናትም በእኛ ዘንድ የአንገትና የጀርባ ነገር ነው። ይህን የመሰለ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ልጆቹን አጎንብሶ ማዋል አይገባውም።

ወደ ግጥሙ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ትናንት ማታ፣ ላፕቶፔን አትሮኖሷ ላይ አቁሜ፣ ለጋሼ የጻፍኳት ይህቺት።

ፊደሉ ቀጥ ብሎ፣ ብራናው ላይ ቆሞ፣
ጸሐፊው ጎበጠ፣ ጉልበቱ ላይ ደክሞ።
መጽሐፉን አንሥተን፣ ዙፋን ላይ አኑረን፣
የጻፈውን አንገት፣ መሬት ላይ አስቀረን።
አንድ ጣውላ ላምጣ፣ ጋሼ ቀና ይበሉ፤
ፊት ለፊት ይታየን፣ ሐይቁም ሰውም ሁሉ።

ስድስት ስንኝ ሆነች። በዚህ ጊዜ ግን ያቆምኩት ክንዴ ስለደነዘዘ አይደለም። ግጥሟ እዚያ ላይ ስላለቀች ነው።

ቀና ቀና ያሰንብተን።